ቀለሙ አልበደለህም፦ በድሬዳዋ ሙቀት የኤፍ-5ኢ ሞዴል ስለ መሥራት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ሁለት የኤፍ-5ኢ ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል አመጣልኝ፤ ሁለቱም 1/72 ናቸው፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሱ። የመጀመሪያውን ሠርቼ ጨረስኩት፤ ግን ሦስት ነገር ተበላሸብኝ። በኤርብራሽ፣ በትንሿ የቀለም መንፊያ፣ የነፋሁት አክሪሊክ ቀለም ሸካራ ሆነ። የገላውን ግራና ቀኝ ያጋጠምኩበትን መስመር ከቱቦ በሚወጣ ስቱኮ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልሰው ጠፍቶ ነበር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቀለሙ ሥር ተመልሶ ታየ። የአብራሪው መስታወት ደግሞ ከውስጥ ነጭ ጉም ለበሰ። የምሠራው ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ቤቱ የቆርቆሮ ስለሆነ ቬንትሌተር ከፍቼ ነው የምቀመጠው። ጥፋቱ የቀለሙ ነው? ሌላ ዓይነት ልግዛ? ሁለተኛውን በ1969 ድሬን ሲጠብቅ የነበረውን አውሮፕላን አድርጌ መሥራት ስለምፈልግ እንዳይበላሽብኝ ይምከሩኝ።»

ወንድሜ፣ ሌላ ቀለም አትግዛ። ገንዘብህን ያዝ። ያለህ ቀለም ደህና ነው፤ ሦስቱም ጉዳቶች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ አባታቸው አንድ ነው፤ እሱም ትነት ነው። በዚህ ሥራ የምንጠቀምባቸው ፈሳሾች፣ ቀለሙም፣ ሙጫውም፣ የቱቦው ስቱኮም፣ ሥራቸውን የሚሠሩት ከውስጣቸው የሆነ ነገር በንኖ ሲወጣ ነው። ጥያቄው መቼ ይበናል የሚለው ነው። ቦታው ከመድረሱ በፊት ከበነነ ሥራው ይበላሻል። ቦታው ደርሶ፣ ተኝቶ፣ ሥራውን ከጀመረ በኋላ ከበነነ ግን ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ቶሎ ቢበን ይመረጣል። ስለዚህ የድሬ ሙቀት እንደ ሰዓቱ ጠላትም ረዳትም ይሆናል። አንተ ጠላት በሚሆንበት ሰዓት ነው የሠራኸው።

እኔ የምሠራው ሐረር ነው። የዕለት እንጀራዬ የመኪና ቀለም ነው፤ ሞዴል ደግሞ ከልጅነቴ የማልተወው ፍቅሬ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በመካከላችን ያለው መንገድ በደንገጎ ጠመዝማዛ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ለቀለም ግን ሌላ አገር ማለት ነው። አንድ ብልቃጥ ቀለም፣ አንድ ዓይነት ቲነር፣ አንድ ዓይነት ግፊት ይዘህ ሐረር ላይ ለስላሳ የወጣልህ ነገር ግንቦት ውስጥ ድሬ ላይ ዱቄት ሊሆንብህ ይችላል። እዚያ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ በቆርቆሮ ሥር ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ከቀለሙ ልጀምር። ኤርብራሽ ቀለሙን በጣም ጥቃቅን ወደ ሆኑ ጠብታዎች ይበትነዋል። ጠብታ ባነሰ ቁጥር ከይዘቱ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ገጽታው ስለሚሰፋ በፍጥነት ይደርቃል። በእርጥብነቱ ፕላስቲኩ ላይ ያረፈ ጠብታ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሐዳል፣ ይተኛል፣ ገጽታው ይለሰልሳል። አየር ላይ እያለ የደረቀ ጠብታ ግን ደርቆ እንደ ወጣ ይቀመጣል፤ መዋሐድ አይችልም። ያየኸው ሸካራነት ይኸው ነው። ቬንትሌተሩ ደግሞ ነገሩን አባባሰው፤ አየሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ትነቱ ይፈጥናል፣ አቧራም ያመጣል።

ሸካራነቱ በጣም ያስከፋህ በሞዴሉ መጠን ምክንያት ነው። በ1/72 ላይ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታህል ቅንጣት በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊ ሜትር በላይ ትሆናለች። በመኪና በር ላይ ማንም የማያየው ነገር እዚህ ዓይን ይወጋል።

መፍትሔው ሰዓቱን መቀየር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ንፋ። በዚያ ሰዓት ቆርቆሮውም ግድግዳውም የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይዘው ይቆያሉ፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ከመጀመርህ በፊት ወለሉን ውሃ ርጭበት፤ አቧራውን ይይዝልሃል። ቬንትሌተሩን አጥፋ። ለመተንፈሻ መስኮት ክፈት፤ ነገር ግን ነፋሱ በአንተና በሞዴሉ መካከል የሚያልፍበትን አትክፈት። ማለዳ አልችልም ካልክ ደግሞ ማታ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ቆርቆሮው ከሞቀ በኋላ ቤቱ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት አትጀምር። መብራት ላይ የሚሰበሰቡ ትንኞች ግን እርጥብ ቀለም ላይ ስለሚያርፉ እኔ ማለዳውን አበልጣለሁ።

ቀጥሎ ቅጥነቱ ነው። ውሃ የበዛበት ወተት በብርጭቆ ጎን ሲወርድ እንዴት እንደሆነ አይተሃል፤ ስስ ሽፋን ትቶ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ቀለምህ የኤርብራሹን ጽዋ ጎን ሲነካ እንደዚያ መሆን አለበት። በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የቲነር መጠን የተለካው በቀዝቃዛ አገር ክፍል ውስጥ ስለሆነ ለድሬ ትንሽ ጨምርበት። አልኮል ያለበት አክሪሊክ ከሆነ አንዳንድ ሰው የፋርማሲ አልኮል ይቀላቅልበታል፤ በቀዝቃዛ ቦታ ይሠራል፣ ድሬ ላይ ግን አልኮሉ ከሁሉም ቀድሞ ስለሚበን ችግሩን ያባብሳል። የቀለሙን የራሱን ቲነር ተጠቀም፤ የሚቻልህ ከሆነ ማድረቅን የሚያዘገየውን ሪታርደር የሚባል ፈሳሽ በጠብታ ጨምርበት። ብዙ ጨምረህ ደግሞ ቀለሙ ለቀናት እንዲጣበቅ አታድርገው፤ በአንድ ጽዋ ጥቂት ጠብታ ይበቃል።

ርቀትና ግፊትም አለ። ብዙ ጀማሪ ቀለሙ እንዳይፈስበት ፈርቶ ከሩቅ፣ በከፍተኛ ግፊት ይነፋል። ሁለቱም ጠብታውን ያደርቁታል፤ የመንገዱ ርዝመት በአየር ላይ ያቆየዋል፣ ግፊቱ ደግሞ ይበልጥ ያደቅቀዋል። ለዚህ መጠን ሞዴል ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ቀረብ ብለህ፣ ግፊቱን ወደ 15 ፒኤስአይ (በግፊት መለኪያው ላይ ያለው መስፈሪያ) አውርደህ ሞክር። ገጽታው ለአፍታ እርጥብ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ማየት አለብህ። ያ አብረቅራቂ እርጥበት ካልታየህ ደረቅ እየነፋህ ነው፤ ቁም፣ አቅጥን፣ ቅረብ። አየሩን ከጋራዥ ኮምፕሬሰር የምትወስድ ከሆነ ግፊት መቀነሻና የውሃ ማጣሪያ ሳይኖር አትጀምር፤ ከጋኑ ውስጥ ውሃና ዘይት ይመጣል። በአዲሱ ሞዴል ላይ ከመንፋትህ በፊትም በአሮጌ የፕላስቲክ ማንኪያ ላይ ሞክር።

የመጀመሪያውን ሞዴልህንም አትጣለው። ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ 1500 ከዚያም 2000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ወስደህ፣ ውሃ ውስጥ ትንሽ ሳሙና አድርገህ፣ ሳትጫን በክብ እንቅስቃሴ አሸው። የቅንጣቶቹ ጫፍ ይቆረጣል። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በማለዳ አንድ ስስ ሽፋን ንፋበት፤ ይድናል።

አሁን ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው መጋጠሚያን የስቱኮ ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ እኔ ግን የሙጫ ሥራ ነው እላለሁ። የሞዴሉ ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ይባላል። ስሱ የሞዴል ሙጫ የሚያሟሟ ፈሳሽ ነው፤ በብዙዎቹ ውስጥ አሴቶንና ቡታይል አሲቴት አለ። የሁለቱን ግድግዳ ፕላስቲክ አቅልጦ አንድ ላይ ያዋህዳል፣ ከዚያም ይበናል፤ የሚቀረው አንድ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ብየዳ ነው ብለህ አስበው። ነገር ግን አሴቶን በ56 ዲግሪ የሚፈላ ፈሳሽ ነው። በ9 ሰዓት ሙቀት ብሩሹን ከብልቃጡ አውጥተህ ጠርዙን ቀብተህ፣ ሌላኛውን ግማሽ አንሥተህ እስክታጋጥም ድረስ ግማሹ ሄዷል። ጠርዞቹ ሳይለሰልሱ ተነካኩ፤ ከላይ የተያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ክፍት ነው። ያንን ክፍት ቦታ ነው በስቱኮ የሞላኸው።

የቱቦው ስቱኮ ደግሞ በራሱ ትነት የሚደርቅ ነው። ፈሳሹ ሲወጣ ይዘቱ ይቀንሳል፤ ይሟሽሻል። ከላይ ደርቆ ብርጭቆ ወረቀት ይቀበልሃል፣ ከሥር ግን ገና እርጥብ ነው። አለሰለስከው፣ ቀባኸው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የቀረው ፈሳሽ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ስቱኮው ወደ ውስጥ ሰመጠ፣ መስመሩ ከቀለሙ ሥር ብቅ አለ። በሙጫው የራሰው ፕላስቲክም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይወርዳል። ሳይደርቅ ያለሰለስከው መጋጠሚያ ከቀናት በኋላ ጎድጓዳ ይሆናል።

እንዲህ አድርግ። ክፍሎቹን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበህ አድርቅ፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት ይኖርባቸዋል። ተያይዘው ከመጡበት ፍሬም በምላጭ ቆርጠህ የቀረውን ቁራጭ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክል። ሙጫ ሳታስነካ ሁለቱን ግማሾች አጋጥመህ ወደ መብራት አሳያቸው፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ አሁን ነው የሚሞረደው። ከዚያ በማለዳ፣ ሁለቱን ደረቅ እንዳሉ በጣትህና በማስኪንግ ቴፕ ያዛቸው። ሙጫ የነካውን ብሩሽ መስመሩ ላይ ብቻ አስነካው፤ ፈሳሹ በስንጥቁ ውስጥ ራሱ ይሳባል። ክፍት አየር ስለማያገኘው ትነቱ ይዘገያል፣ ሥራውንም ይሠራል። ከአምስት እስከ ስድስት ሳንቲ ሜትር እየከፈልክ ሂድ፤ እያንዳንዱን ካስነካህ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ቆይተህ ሁለቱን ጎን ጨመቅ አድርግ። የቀለጠ ፕላስቲክ በመስመሩ ላይ እንደ ስስ ክር ብቅ ማለት አለበት። ያ ክር የምትፈልገው ነገር ነው፤ አትጥረገው። ውስጡ መሞላቱን የሚነግርህ እሱ ነው፤ ሲደርቅ ትላጨዋለህ፣ ከሥሩ መስመር አይኖርም፣ ስቱኮም አያስፈልግህም። ጣትህ ከቴፑ ሥር ገብቶ ሙጫ እንዳይስብ ተጠንቀቅ፤ አሻራህን በገላው ላይ ይተዋል።

አሁን ሙቀቱ ረዳት የሚሆንበት ሰዓት መጣ። ያጋጠምከውን ገላ በጥላ ውስጥ፣ ቤት ውስጥ፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው። የድሬ ከሰዓት በፕላስቲኩ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ሐረር ላይ ከሚወስደው ጊዜ ባነሰ ያስወጣዋል። ቢሆንም ከሦስት ቀን በታች አትንካው፤ ሳምንት ብትተወው ይሻላል። በዚያ ጊዜ ወንበሩን፣ የአብራሪውን ክፍል፣ መንኮራኩሮቹን ሥራ። ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጠው፤ ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ ስስ የሆነው ክፍል ከዚያ በታችም ሊቆለመም ይችላል፤ በቆመ መኪና መስታወት ሥር ያለው ሙቀት ደግሞ ለዚህ ይበቃል። ሞዴል በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ትተህ ቀፊራ ገበያ አትግባ።

እንዲያም ሆኖ መሞላት ያለበት ቦታ ከተረፈ ጋራዥ የምንጠቀምበትን ሁለት ክፍል ያለውን ስቱኮ፣ ከማድረቂያው ጋር የሚቀላቀለውን፣ በስቴኪኒ ጫፍ አድርግ። እሱ የሚጠነክረው በውስጡ በሚካሄድ ለውጥ ስለሆነ የመሟሸሽ ችግሩ በጣም ትንሽ ነው። እንደ ፀጉር ለቀጠነ ስንጥቅ ሱፐር ግሉ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያው ቀን አለስልሰው፤ ሲያድር ከፕላስቲኩ ይልቅ ስለሚጠነክር ብርጭቆ ወረቀቱ ዙሪያውን በልቶ እሱን ጉብ አድርጎ ይተወዋል።

ከዚያ በጣም የምለምንህ ነገር፦ ግራጫ ፕራይመር፣ ከቀለሙ በፊት የሚነፋውን መነሻ ሽፋን፣ ንፋ። ፕላስቲክ ብርሃን በጥቂቱ ስለሚያሳልፍ ስንጥቅን ይደብቃል፣ ስቱኮው ደግሞ ሌላ ቀለም ስላለው ዓይንን ያታልላል። ፕራይመር ሁሉን አንድ ቀለም ያደርገዋል፤ ያኔ በጎን በኩል መብራት አድርገህ ገላውን ስታዞረው የቀረው መስመር ሁሉ ጥላ ይጥላል። መኪና ላይም እንዲሁ ነው የምናየው። ካየህ መልሰህ ሙላ፣ አለስልስ፣ እንደገና ፕራይመር ንፋ። የጋራዥ ናይትሮ ቲነርን ግን ለዚህ ፕላስቲክ አታስጠጋው፤ ያሟሟዋል።

መስታወቱ ላይ ያየኸው ጉም የሱፐር ግሉ ትነት ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ጥቂቱ ወደ አየር ይወጣል፤ በተዘጋ ጠባብ ቦታ ውስጥ መሄጃ ስለሚያጣ ንጹሕ ገጽታ ላይ አርፎ ነጭ ሆኖ ይጠነክራል፣ በተለይ የጣት ቅባት በነካው ቦታ። ሙቀቱ ትነቱን አበዛው፣ የአብራሪው ክፍል ዘጋበት። ወደፊት መስታወትን በአናጢ ነጭ ኮላ ለጥፍ፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ የተረፈውን በእርጥብ ጥጥ ትጠርገዋለህ። በአብራሪው ክፍል ውስጥ ሱፐር ግሉ የነካው ነገር ካለም መስታወቱን ከመዝጋትህ በፊት አንድ ሌሊት ክፍት ተወው። የተበላሸውን በምላጭ ጫፍ ቀስ ብለህ ማንሣት ከቻልክ ከውስጥ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ብዙ ብትወለውለው ጉሙ ይለቃል። ካልተነሣልህ ግን አትታገለው፣ ይሰበራል።

አሁን ልብህ ወዳለበት፣ ወደ ሁለተኛው ሞዴል። ምርጫህ ልቤን ነክቶኛል። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር የተጀመረው ጦርነት እስከ መጋቢት 1970 ዓ.ም. ሲቀጥል፣ ድሬዳዋ ራሷ በነሐሴ 1969 ተጠቅታ ነበር፤ ጥቃቱም ተመክቷል። አየሩን የያዙት ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ኤፍ-5ኢዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ያገኘችው ስምንት ኤፍ-5ኢ ነው፤ ከነሱ በፊት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገቡ ኤፍ-5ኤዎች ነበሩ። ከሶማሊያ በኩል የሚመጡት ሚግ-17 እና ሚግ-21 ነበሩ፤ ሚግ-21 በፍጥነት ከኤፍ-5ኢ ይበልጣል። ከአብራሪዎቹ መካከል ጄኔራል ለገሰ ተፈራን ያላወቀ የለም፤ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከተማረኩ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በእስር የቆዩ ሰው ናቸው። ይህንን እያሰብክ ስትሠራ እጅህ ይረጋል።

መጀመሪያ ሳጥንህ ውስጥ ያለው በእርግጥ ኤፍ-5ኢ መሆኑን አረጋግጥ። ኤፍ-5ኤ በክንፉ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ጋን ይይዛል፤ ኤፍ-5ኢው ግን የሳይድዋይንደር ሚሳይል መያዣ ሐዲድ አለው። ኢው ገላው ሰፋ ያለ ነው፣ ክንፉ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ወደ ፊት የሚረዝመው ሦስት ማዕዘን ቅጠልም ተለቅ ይላል። አፍንጫውንም ተመልከት፤ አንዳንድ ሳጥን ሁለት ዓይነት አፍንጫ ይዞ ይመጣል። ጠፍጣፋው፣ ሻርክ ኖዝ የሚባለው፣ ኋላ የመጣ ነው፤ ለ1969 የሚሆንህ ክብ ሆኖ የሚሾጠው ነው። በአፍንጫው ላይኛው ክፍል ግራና ቀኝ ሁለት የ20 ሚሊ ሜትር መድፍ አፎች አሉ፤ እያንዳንዱ 280 ጥይት ይይዝ ነበር። አፎቹ በሞዴሉ ላይ ድፍን ከሆኑ በቀጭን መርፌ ጫፍ ብሳቸው፤ ትንሽ ሥራ ነው፣ ፊቱን ግን ይለውጠዋል።

መጠኑን ለመፈተሽ፦ እውነተኛው 14.45 ሜትር ርዝመትና 8.13 ሜትር የክንፍ ስፋት አለው፤ ስለዚህ ያንተ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር በ11.3 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት።

ገላውን ከመዝጋትህ በፊት ክብደት አስብ። ጅራቱ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሁሉንም በማስኪንግ ቴፕ ለጊዜው ያዝና የኋላ መንኮራኩሮቹ በሚገቡበት ቦታ በሁለት ጣት ደግፈው፤ ወደ ኋላ ካጋደለ አፍንጫው ውስጥ እርሳስ ጨምር። ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲያመጣጥኑ የሚለጥፉት ትንንሽ እርሳስ አለ፤ አሮጌውን ብትጠይቃቸው ይሰጡሃል። በሞዴል ሙጫ አይያዝም፤ በኢፖክሲ ለጥፈው፤ አፍንጫ ውስጥ ሆኖ የሚንቀጫቀጭ እርሳስ በኋላ አይወጣም። እርሳስ ከነካህ እጅህን ታጠብ።

ለቀለሙ አቀማመጥ የሳጥኑን ሥዕል አትከተል። በብዙዎቹ ሳጥኖች ውስጥ የሚመጣው ተለጣፊ የሌላ አገር ነው። የአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ፎቶ ፈልገህ፣ ቁጥሩን አይተህ፣ ያንን ብቻ ሥራ፤ ከሦስት ፎቶ ሦስት የተለያየ ነገር ከቀላቀልክ ያልነበረ አውሮፕላን ትሠራለህ። ፎቶ ስትፈልግ የሚያሳስት ነገር ልንገርህ፦ «ሐረር ሜዳ» ተብሎ የተጻፈበት ሥዕል የሐረር አይደለም፤ ሐረር ሜዳ ቢሾፍቱ ያለው የአየር ኃይሉ ሰፈር ነው። ብዙ ሰው ሐረር ድረስ መጥቶ ማረፊያውን ይጠይቀኛል። ድሬን የምትፈልግ ከሆነ ከበስተጀርባ ያለውን ደረቅ ተራራ ተመልከት።

አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ክብ ምልክቱን ከተለጣፊ ይልቅ በቀለም ሥራው፤ ቅደም ተከተሉንና መጠኑን ከፎቶህ ውሰድ። ማስኪንግ ቴፕ በመስታወት ላይ ለጥፈህ በኮምፓስ ላይ በታሰረ ምላጭ ክቡን ቁረጥ። መጀመሪያ ነጭ ንፋ፤ ቢጫና ቀይ ነጭ ከሥራቸው ከሌለ ይደበዝዛሉ። ከዚያ ከነጣው ወደ ጠቆረው ሂድ። ቴፑን ከመለጠፍህ በፊት እጅህ ጀርባ ላይ ሁለት ጊዜ ለጥፈህ አንሣው፤ ሙጫው ይዳከማል፣ የሥሩን ቀለም ይዞ አይነሣም። በድሬ ሙቀት የቴፕ ሙጫ ስለሚለሰልስ ሌሊቱን አታሳድረው፤ ከነፋህ በኋላ ቀለሙ ሲነኩት እጅ ላይ መያዙን እንዳቆመ ወዲያው ላጠው። መነሣት ያለበትም ወደ ላይ ሳይሆን በራሱ ላይ ታጥፎ ነው።

በቆመ አውሮፕላን ላይ የፊት እግሩን አጭር አድርገው። ኤፍ-5ኢ ለመነሣት አፍንጫውን ከፍ የሚያደርግ ሁለት ደረጃ ያለው የፊት እግር አለው፤ አንዳንድ ሞዴል ሁለቱንም ይሰጥሃል። ጅራቱ አካባቢ፣ የሁለቱ ሞተር ጭስ መውጫ ዙሪያ ያለው ክፍል ቀለም የሌለው ብረት ስለሆነ እሱን በመጨረሻ ተወው፤ ጥቁር አብረቅራቂ ሥር ቀብተህ በላዩ የብረት ቀለም በስሱ ንፋ፤ ቀሪውን ገላ ሸፍነው።

ስትነፋ ደግሞ ማስክ አድርግ፤ የጨርቁ ለትነት አይከለክልም፣ የቀለም ሠራተኞች የሚያደርጉት ካርትሪጅ ያለው ይሁን። ጠባብ ክፍል ውስጥ ነህና ይህን ችላ አትበል።

ገላውን አጋጥመህ፣ ሳምንቱን ጠብቀህ፣ ፕራይመር ከነፋህ በኋላ ቀለም ሳታስነካ በጎን መብራት አድርገህ ሁለት ፎቶ ላክልኝ፤ አንዱ ከላይ ከአፍንጫ እስከ ጭራ፣ አንዱ ከሆዱ በኩል። መጋጠሚያውን አይቼ እነግርሃለሁ።